ከዋሻው ምን ይዞ ወጣ?

በገለጉ የፊልምና የፍልስፍና ምሽት ማዘጋጃ፣ ደረጃ በደረጃ

ለገለጉ ወጣት ፊልም ብርቁ አይደለም። በስልኩ ያያል፣ ቪዲዮ ቤት ገብቶ ያያል፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛም በፍላሽ ይዞት የመጣውን ከጓደኛው ጋር ይቀያየራል። የጎደለው ከፊልሙ በኋላ ያለው ወግ ነው። መብራቱ ሲበራ ሁሉም ተነሥቶ ይሄዳል፤ ያየው ሰው ለምን እንዲያ እንዳደረገ የሚጠይቅ የለም።

ይህ ጽሑፍ ያንን ወግ ማስጀመር ለሚፈልጉ በምዕራብ ጎንደር፣ በገለጉ፣ በሽንፋ፣ በገንዳ ውኃና በመተማ ዮሐንስ ለሚያስተምሩ መምህራንና ክበብ ለሚመሩ ወጣቶች ነው። ለመነሻ የመረጥኩት ትራንሴንደንታሊዝም የተባለውን ፍልስፍና ነው። ስሙ ረጅም ቢሆንም ጥያቄዎቹ ለዚህ ቆላ እንግዳ አይደሉም። ሰው ከሰው ተለይቶ ዱር ሲገባ ምን ያገኛል? ሁሉም አንድ ነገር ሲል ኅሊናው ሌላ ቢለው የትኛውን ይስማ? የመነኩሴ ገዳም፣ የሽፍታ ዱርና የእረኛ ጎጆ በሚገኙበት አገር እነዚህን ጥያቄዎች ማንሣት ይገባል።

ደረጃ 1፦ ሐሳቡን በአንድ ገጽ ጻፉት

ከአንድ ገጽ አትለፉ። ፍልስፍናው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ዙሪያ ነው። ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን በ1836 ስለ ተፈጥሮ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አሳተመ። ማርጋሬት ፉለር የቡድኑን መጽሔት አዘጋጀች፤ ስለ ሴቶች መብትም በድፍረት ጻፈች። ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ደግሞ በሐምሌ 1845 ዋልደን በሚባል ኩሬ ዳር በገዛ እጁ ትንሽ ቤት ሠርቶ ገባ፤ ከሁለት ዓመት በላይ ኖረበትና በመስከረም 1847 ወጣ። ስለዚህ ኑሮው የጻፈው መጽሐፍ በ1854 ታተመ።

ለተማሪዎቻችሁ ሦስት ነገር ብትነግሯቸው ይበቃል። አንደኛ፣ ለእነዚህ ሰዎች ተፈጥሮ ከሀብትነት አልፋ መምህር ናት። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ እውነትን መለየት የሚችል ብርሃን አለ፤ ስለዚህ ሰው የሰማውን ሁሉ ሳይመረምር መቀበል የለበትም። ሦስተኛ፣ ኅሊና ዋጋ ያስከፍላል። ቶሮ ባርነትን ለሚደግፍና ሜክሲኮን ለሚወጋ መንግሥት ግብር አልከፍልም ብሎ በ1846 አንድ ሌሊት ታስሯል። በዚያ ምክንያት የጻፈውን ጽሑፍ ኋላ ጋንዲና ማርቲን ሉተር ኪንግ አንብበው ተምረውበታል።

አንድ ነገር ግን ሳትሸሽጉ ንገሯቸው። የቶሮ ቤት ከከተማው የራቀ አልነበረም፤ በእግር የሚደረስበት ነበር፣ መሬቱም የወዳጁ የኤመርሰን ነበር፣ እሱም እየተመላለሰ ቤተሰቡን ይጠይቅ ነበር። «ዲክንሰን» በተሰኘው እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 በታየው ተከታታይ ድራማ ውስጥ ቶሮ እናቱ ልብስ የምታጥብለት ሞልቃቃ ሆኖ ቀርቧል። ድራማው አጋንኗል ብዬ አምናለሁ፤ ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነው። ብቻውን ኖረ የተባለውን ሰው ማን ያበላው ነበር? ይህን ጥያቄ ለውይይቱ አስቀምጡት።

ደረጃ 2፦ የአገራችንን ዘመድ ፈልጉለት

ተማሪው ጉዳዩ የሩቅ አገር ሰዎች ብቻ ከመሰለው ያንቀላፋል። ስለዚህ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት የዘርዐ ያዕቆብን ታሪክ ንገሩት። በ«ሐተታ» እንደተተረከው ዘርዐ ያዕቆብ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ የሃይማኖት ጠብ በነበረበት ጊዜ፣ ተከስሶ ከአክሱም ሸሸ። የያዘው ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊት ነበር። ዋሻ አግኝቶ ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ፤ እየጸለየም የሰው ልጅ እውነትን በምን እንደሚያውቅ መረመረ። ንጉሡ ሲሞት ወጥቶ እንፍራዝ ገባ፤ በሀብቱ ቤት እየጻፈና እያስተማረ ኖረ። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወትም የራሱን ሐተታ ጻፈ።

ሊቃውንት በመጽሐፉ ላይ እንደሚከራከሩ መንገር ግድ ነው። እነ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብለዋል። ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ተከራክሮ ጽፏል። ክርክሩን ለተማሪው መደበቅ ሐተታውን ራሱን መካድ ይሆናል፤ መጽሐፉ የሚለው መርምሩ ነውና።

የዘመኑንም መገጣጠም አሳዩ። የቶሮ መጽሐፍ በታተመ በስድስት ወሩ ገደማ፣ በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 1847 ዓ.ም.፣ የቋራው ካሣ በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ካሣ ከዚያ በፊት በዚሁ በቋራ ቆላ ሸፍቶ ኖሯል። በዚሁ በምዕራብ ጎንደር ቆላ የማኅበረ ሥላሴ ገዳም መነኮሳት ደናቸውን ጠብቀው ይኖራሉ። ሽፍታው፣ መነኩሴውና ፈላስፋው ዱር የሚገቡበት ምክንያት ለየቅል ነው። ሦስቱን ስም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጻፉና እስከ ውይይቱ ተዉአቸው።

ደረጃ 3፦ ፊልሙን ምረጡ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ምሽቱ የሚያምረውም የሚበላሸውም በምርጫው ነው።

የእኔ ምርጫ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። ኃይሌ ጎንደር ተወልዶ ያደገ ነው፤ ፊልሙም እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር በጀርመን ሕክምና ተምሮ፣ በደርግ ዘመን አዲስ አበባን አይቶ፣ አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። ሐይቁ አለ፣ ተራራው አለ፣ የልጅነቱ መንገድ አለ። ተመልካቹ አሁን ተፈጥሮ ታድነዋለች ብሎ ይጠብቃል። ፊልሙ ግን ይህን በቀላሉ አይሰጥም። አንበርብር በሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎም ቅዠቱ አይተወውም። በዚያው ውብ ተራራ ዋሻ ውስጥ የመንደሩ ልጆች ለጦርነት ከሚያፍሷቸው ተደብቀዋል። መልክዓ ምድሩ ያምራል፣ ግን ሰው ይታደንበታል።

አንበርብር የሚቆመው መቼ ነው? ከመንደሩ የተገለለችውን አዛኑን ሲጠጋ፣ መጨረሻም በመንደሩ ትምህርት ቤት ልጆቹ ፊት ሲቆም ነው። ለእኔ ይህ ፊልም ለኤመርሰንና ለቶሮ የተሰጠ ትልቅ የአበሻ መልስ ነው። አዎ፣ ተፈጥሮ ታስተምራለች፤ ኅሊናም ከመንጋው ይበልጣል፤ ነገር ግን ብቻውን የዳነ ሰው ገና አልዳነም። ኃይሌ ይህን አስቦ ሠርቶት እንደሆነ አልከራከርም፤ ፊልሙ ላይ ግን ይታያል።

«ጤዛ» 140 ደቂቃ ነው፤ የጭካኔ ትዕይንቶችም አሉት። ለዘጠነኛ ክፍልና ከዚያ በታች አታሳዩት። ለትልልቆቹም በሁለት ምሽት ከፍላችሁ አሳዩ። ጀርመንኛና እንግሊዝኛ የሚነገርባቸውን ቦታዎች አንድ ሰው ቀድሞ አይቶ ማስታወሻ ይያዝና በአጭሩ ያስረዳ። ቅጂውን ከመንገድ አታንሡ። ኃይሌ በዋሽንግተን ሳንኮፋ የሚባል የመጻሕፍትና የፊልም መደብር አለው፤ በዚያ አካባቢ ዘመድ ያለው ሰው ጠይቆ መግዛት ይችላል። ለሕዝብ ለማሳየትም ፈቃድ ጠይቁ። የራሳችንን ሰው ሥራ ሰርቆ ስለ ኅሊና ማውራት አይሆንም።

«ጤዛ» ካልተገኘ ከሚከተሉት አንዱን ውሰዱ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

«የሙት ገጣሚያን ማኅበር» በ1989 የወጣ፣ በፒተር ዊር የተዘጋጀ ፊልም ነው። ተማሪዎች ማታ ማታ ዋሻ ውስጥ እየተሰበሰቡ የቶሮን ቃል አንብበው ግጥም ይጀምራሉ። ወጣት በቀላሉ ይወደዋል። ሆኖም በፊልሙ አንድ ልጅ ራሱን ያጠፋል፤ ስለዚህ ያለ አዋቂ ሰው አይታይ፣ ከታየ በኋላም ያ ነገር ሳይነሣ አይታለፍ።

«ወደ ዱር» ሾን ፔን በ2007 የሠራው የእውነተኛ ሰው ታሪክ ነው። ክሪስቶፈር ማካንድለስ ቶሮን የሚያነብ ወጣት ነበር፤ ገንዘቡን ሰጥቶ፣ ዘመዱን ትቶ በ1992 አላስካ በረሃ ገባና የተጣለ አውቶቡስ ውስጥ ኖረ። በሐምሌ ልውጣ ሲል በመግቢያው ቀላል የነበረው ወንዝ ሞልቶ አገኘው፤ ተመልሶ በ24 ዓመቱ እዚያው ሞተ። ይህን ትዕይንት የቋራ ተማሪ ከብዙ ፈረንጅ ተመልካች ይልቅ ይረዳዋል። በበጋ በእግር የተሻገሩት ወንዝ በክረምት ምን እንደሚሆን እሱ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ፊልሙን እዚያ ላይ አቁማችሁ «ምን ማወቅ ነበረበት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ይጎርፍላችኋል። በረሃውን የሚያውቅ የአገሩን ሰው አለመጠየቁን መጀመሪያ የሚያነሡት የእረኛ ልጆች ይመስሉኛል።

የቴሬንስ ማሊክን ፊልሞች ለመጀመሪያ ምሽት አልመክርም። ሰውየው ፍልስፍና የተማረ ነው፤ በ1998 የሠራው «ቀጭኑ ቀይ መስመር» ወታደሮች እየተገዳደሉ ሣሩና ብርሃኑ ዝም ብሎ መኖሩን ያሳያል፤ «የሕይወት ዛፍ» በ2011 በካን ትልቁን ሽልማት ወስዷል። ውብ ናቸው፤ ግን ታሪካቸው ቀስ ይላል፣ ያልለመደ ሰው ይሰለቻል። ክበቡ ሲጠና አምጧቸው።

የቴሌቪዥን ድራማ የሚቀናው ክበብ ደግሞ በአርትስ ቴሌቪዥን ከታየው «እረኛዬ» አንድ ክፍል ይውሰድ። ገጠሩን ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ብቅ የሚል ጌጥ ሳያደርግ የኑሮ መሠረት አድርጎ ስለሚያሳይ ለንጽጽር ይመቻል።

ደረጃ 4፦ ጊዜ፣ ቦታና ዕቃ

ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ይሻላል። ሰሊጡ ገብቷል፣ ወባው ቀንሷል፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። ከመጋቢት በኋላ ያለው ሙቀት ቤት ውስጥ ሰው አያስቀምጥም። የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ከቀበሌው ጋር ተነጋግራችሁ ቀን ቁረጡ፤ ሌሊት ራቅ ብለው የሚሄዱ ልጆች ካሉ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሩ።

ፕሮጀክተር፣ ላፕቶፕ፣ ድምፅ ማጉያና የታጠበ ነጭ አንሶላ ይበቃል። አንሶላው እንዳይውለበለብ ከታች በእንጨት ወጥሩት። መብራት ይጠፋል ብላችሁ አስቡና ጀነሬተር ተዋሱ፤ ድምፁ ንግግሩን እንዳይውጠው ከቤቱ ጀርባ አርቃችሁ አስቀምጡት። ከ40 ሰው በላይ አትጥሩ። ሲበዛ ተመልካች እንጂ ተወያይ አይገኝም።

ደረጃ 5፦ በዚያው ቀን ጠዋት ወደ ውጭ ውጡ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እባካችሁ አትዝለሉት። ስለ ተፈጥሮ የሚያወራ ፊልም ከማሳየታችሁ በፊት ተማሪዎቹ ተፈጥሮን በራሳቸው ዓይን ማየት አለባቸው።

ጀንበር ሳትበረታ ወደ ወንዙ ዳር ወይም ወደ ማሳ ውሰዷቸው። ስልክ ይሰብሰብ። እያንዳንዱ ብቻውን፣ ከሌላው 20 እርምጃ ርቆ፣ ለግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ ይቀመጥ። ከዚያ ያየውን አንድ ነገር ብቻ ይጻፍ። «ውብ ነው»፣ «ደስ ይላል» የሚል ቃል አይፈቀድ። ያየውን ይጻፍ።

ምን ሊጽፉ ይችላሉ? አጨዳው ያለፈበት ማሳ ላይ የቀረ አንድ የሰሊጥ ዘንግ እንውሰድ። ፍሬ የሚይዘው ቆባ ከላይ አፉን ከፍቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ፍሬው መሬት ላይ ፈስሷል። ሰሊጥ የሚታጨደው ቆባው ከመከፈቱ በፊት፣ ገና ቢጫ ማለት ሲጀምር ነው፤ ነዶው ቀጥ ብሎ ቆሞ ይደርቃል፣ ከዚያ ተገልብጦ ይራገፋል። ጥቂት ቀን የዘገየ ገበሬ ምርቱን ለወፍ ይሰጣል። በዚያች በተከፈተች ቆባ ውስጥ የቀን ሠራተኛው ጥድፊያ፣ የባለ ማሳው ጭንቀትና የአንድ ዓመት ልፋት ይታያል። ቶሮም ባቄላ ዘርቶ፣ ወጪና ገቢውን በሳንቲም አስልቶ ጽፏል፤ ተፈጥሮን በባዶ ሆድ አላደነቀም።

ስለ አላጥሽም አንሡ። ብሔራዊ ፓርኩ በ1998 ዓ.ም. የተከለለ፣ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች በዚያ አንበሳ መኖሩን በምስል ሲያረጋግጡ ዜናው በዓለም ተሰማ። የአካባቢው ሰው ግን ድምፁን ሲሰማ ኖሯል። ይህን ለተማሪዎቹ ስትነግሯቸው አንድ ጥያቄ አስከትሉ፤ አንድ ነገር ታወቀ የሚባለው ማን ሲያውቀው ነው?

ደረጃ 6፦ ፊልሙን አሳዩ

ከፊልሙ በፊት ረጅም ንግግር አታድርጉ። ሁለት ሥራ ብቻ ስጧቸው። ግማሾቹ ሰው በሌለበት ሐይቅ፣ ሰማይ፣ ጭስ ወይም ዛፍ ብቻ የሚታይባቸውን ቦታዎች ይመዝግቡ፤ ከዚያ በፊት ምን ሆኖ እንደነበርና ቀጥሎ ምን እንደመጣ ይጻፉ። ሌሎቹ ዋናው ሰው ከብዙኃኑ የተለየባቸውን ጊዜያት ይቁጠሩ። በፊልም ፍልስፍናው ያለው በንግግሩ ብቻ አይደለምና፣ ዝምታ የሚመጣበትን ቦታ ማስተዋል ዓይን ይከፍታል።

ማቆም ካስፈለገ አንድ ጊዜ ብቻ አቁሙ። በ«ጤዛ» ላይ የዋሻው ልጆች ከታዩ በኋላ አቁሙና ሁሉም በወረቀት «እኔ ብሆን ኖሮ እወጣ ነበር ወይስ አልወጣም?» ለሚለው ይመልስ። አታንብቡት። ሰብስባችሁ አስቀምጡ።

ደረጃ 7፦ ውይይቱን ምሩ

ወጉ በዚያው ሌሊት ባይሆን ይመረጣል። ሰው ደክሟል፤ አሳቡም አልረጋም። በማግስቱ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ክብ ሠርታችሁ፣ ቡና እየተፈላ አድርጉት።

አንድ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጥሩ። ዱርን በሥራቸው የሚያውቁ ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ ማር ቆራጭ፣ ዕጣን ያመረተ፣ ከብት ይዞ የከረመ። የጉሙዝ አባት ወይም እናት ቢገኙ ውይይቱ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ደኑን በቅርብ ከሚያውቁት መካከል ናቸውና። ፊልሙን ባያዩትም ግድ የለም፤ ታሪኩን ለእነሱ መተረክ የተማሪዎቹ ሥራ ይሁን። አባቶች ባሉበት ወጣት ዝም ማለቱ ያለ ነው፤ ስለዚህ ትልልቆቹ መጀመሪያ ይመርቁ፣ ከዚያ እስኪጠየቁ ያዳምጡ። ይህን ቀድማችሁ በአክብሮት ንገሯቸው፤ አይቀየሙም።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ፊልሙን ወደዳችሁት?» አይሁን። በሰሌዳው ወደ ተጻፉት ስሞች ተመለሱ፤ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ካሣ፣ መነኩሴው። አንበርብርንና ቶሮን ጨምሩ፤ «ወደ ዱር»ን ካያችሁ ማካንድለስንም። ከዚያ እያንዳንዱ ለምን እንደ ገባ ሳይሆን ምን ይዞ እንደ ወጣ ጠይቁ። ዘርዐ ያዕቆብ ሐሳቡን ይዞ ወጥቶ አስተማሪ ሆነ። ካሣ ሠራዊት ይዞ ወጥቶ ነገሠ። ቶሮ የመጽሐፉን ረቂቅ ይዞ ወደ ከተማው ተመለሰ። ማካንድለስ ደስታ ለብቻ እንደማይሞላ በመጽሐፍ ገጽ ላይ ጽፎ ሳይወጣ ቀረ። መነኩሴው ሳይወጣ ለሌላው ይጸልያል። ክርክሩ የሚሞቀው እዚህ ላይ ነው፤ ገዳማዊ ሕይወት ከሰው መለየት ነው ወይስ ለሰው መኖር? ሁለቱንም ወገን አከራክሩ፤ የማንንም እምነት የሚነካ ቃል ግን አታሳልፉ።

ከዚያ የማታውን ወረቀት ስም ሳትጠሩ አንብቡ። የመውጣትና ያለመውጣት ጉዳይ ለዚህ አገር ልጅ የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። ድንበር ተሻግሮ ሱዳን የሄደ ወንድም፣ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በመተማ የገባ ስደተኛ፣ ከቤቱ የተፈናቀለ ጎረቤት አለ። ሊናገር የማይፈልገውን ሰው አታስገድዱ። ዝም ካለ ዝምታው ይከበርለት።

ሴቶቹን በተለይ ጠይቁ። በእነዚህ ታሪኮች ሁሉ ዱር የሚገባውና የሚያስበው ወንድ ነው። የገለጉ ልጃገረድ ለሁለት ሰዓት ብቻዋን ተቀምጣ ለማሰብ ምን ያስፈልጋታል? ውኃ ማን ይቀዳ? እንጨት ማን ይልቀም? ፉለር በ1840ዎቹ የጠየቀችው ይህንኑ ነው፤ አዛኑም በ«ጤዛ» መልስ የምትጠብቅ ሴት ናት።

ደረጃ 8፦ የራሳችሁን አምስት ደቂቃ ሥሩ

ክበቡ በሦስትና በአራት ሰው ተከፍሎ በስልክ አጭር ፊልም ይቅረጽ። ሕጉ ጥቂት ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ውሳኔ። ተራኪ ድምፅ አይግባ፣ ምክር የሚሰጥ ሽማግሌም አይጨመር። ለምሳሌ የመጨረሻውን ማሳ አጭዶ ሒሳቡን የተቀበለ አንድ የቀን ሠራተኛ ቤቱ ልግባ ወይስ ልቅር ብሎ የሚያድርባት ሌሊት ትበቃለች። ስልኩን ጋደም አድርጋችሁ፣ በድንጋይ ወይም በጉቶ አስደግፋችሁ ቅረጹ፤ የቀትር ብርሃን ፊትን ያጠቁራልና ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ሥሩ። ነፋሱ ድምፁን ስለሚያበላሸው ንግግር ካለ ግድግዳ ተጠግታችሁ ይሁን። ሰው ስትቀርጹ አስፈቅዱ፤ ወታደራዊ ቦታና የድንበር ኬላ አትቅረጹ።

ይህን ቆላ በስክሪን ያየነው በአብዛኛው በዜና ነው፤ ስለ ሰሊጥ ዋጋ፣ ስለ ድንበርና ስለ ወባ። እዚህ የሚኖረው ሰው ምን እንደሚያስብ የሚያሳይ ድራማ ያስፈልገናል፤ ያንንም ከእናንተ በቀር የሚሠራው የለም። የዘንድሮው ሰሊጥ እንደገባ አንሶላውን ስቀሉ፤ የሠራችሁትንም በገንዳ ውኃና በጎንደር ላሉ ክበቦች ላኩላቸው።